ኒውዮርክን ከፓሪስ በ33 ሰዓት ተኩል ያገናኘው አብራሪ - ቻርልስ ሊንድበርግ

በሁለት ከተሞች መካከል ያለውን የአየር ርቀት ዘመን አይለውጠውም። የሚለወጠው ርቀቱን ለማቋረጥ የሚፈጀው ጊዜ ነው። በአሜሪካዋ ኒውዮርክና በፈረንሳይ ርዕሰ ከተማ ፓሪስ መካከል ያለው አጭሩ የአየር መስመር 5 ሺህ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በ1920ዎቹ ፈጣን የሚባሉት የመንገደኞች መርከቦች አትላንቲክ ውቅያኖስን ለማቋረጥ ስድስት ቀናት ያህል ይወስድባቸው ነበር። ዛሬ አንድ የመንገደኞች ጄት አውሮፕላን ከኒውዮርክ ተነስቶ ፓሪስ ለመድረስ ሰባት ሰዓት ያህል ይበቃዋል።

ከስድስት ቀን ወደ ሰባት ሰዓት በወረደው በዚህ የጊዜ ለውጥ መካከል የአንድ የ25 ዓመት ወጣት የ33 ሰዓት ተኩል በረራ ይገኛል። ወጣቱ አሜሪካዊው አብራሪ ቻርልስ ኦገስተስ ሊንድበርግ ነው። የሊንድበርግ ሕይወት ርቀትን አስቀድሞ በጥንቃቄ መለካት ምን ያህል ውጤት እንደሚያስገኝ የሚያሳይ ሲሆን፤ በራስ እጅ የተለካው ርቀት ለሌላው ዓለም ምን ትርጉም እንዳለው መዘንጋትም ምን ያህል ዋጋ እንደሚያስከፍል የሚያስረዳ ነው።

ሊንድበርግ እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 4 ቀን 1902 በሚቺጋን ግዛት ዲትሮይት ከተማ ተወለደ። ያደገው ግን በሚኒሶታ ግዛት፣ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር በምትገኘው ሊትል ፎልስ በተባለች አነስተኛ ከተማ አጠገብ በነበረው የቤተሰቡ እርሻ ላይ ነው። በስዊድን የተወለዱት አባቱ የሕግ ባለሙያ የነበሩ ሲሆን፤ እ.ኤ.አ. ከ1907 እስከ 1917 የአሜሪካ የተወካዮች ምክር ቤት አባል በመሆን አገልግለዋል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት አሜሪካ እንዳትሳተፍ አጥብቀው ከተከራከሩ ፖለቲከኞች አንዱም ነበሩ። ይህ የአባቱ አቋም ከዓመታት በኋላ በልጁ ሕይወት ውስጥ ተመልሶ ታይቷል። እናቱ ደግሞ የኬሚስትሪ መምህርት ነበሩ።

ወጣቱ ሊንድበርግ ከመደበኛ ትምህርት ይልቅ የሞተር ነገር ይስበው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920 በዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የምህንድስና ትምህርት ቢጀምርም ሳይጨርስ በ1922 አቋረጠ። በዚያው ዓመት በኔብራስካ ግዛት ሊንከን ከተማ ወደሚገኝ የበረራ ትምህርት ቤት ገባ። በቀጣዩ ዓመት ከጦርነቱ የተረፈ አንድ አሮጌ የጦር ኃይል ማሰልጠኛ አውሮፕላን በራሱ ገንዘብ ገዝቶ በገጠር ከተሞች እየተዘዋወረ የአየር ላይ ትርኢት በማሳየትና ሰዎችን በክፍያ በማሳፈር ይተዳደር ጀመር።

እ.ኤ.አ. በ1924 በቴክሳስ የአሜሪካ ጦር የበረራ ማሰልጠኛ ገባ። አብረውት ሥልጠናውን ከጀመሩት 104 ዕጩዎች መካከል እስከ ፍጻሜው የዘለቁት ከ20 ያነሱ ሲሆኑ፤ ሊንድበርግ በማርች 1925 በአንደኝነት ተመረቀ። ቀድሞ በዩኒቨርሲቲ ትምህርት ያልቀናው ወጣት፣ እያንዳንዱ ስህተት በሕይወት ሊያስከፍል በሚችልበት ትምህርት ግን የሚያክለው አልተገኘም።

ከምረቃው በኋላ የተሰማራበት ሥራ የሴንት ሉዊስና የቺካጎ ከተሞችን የሚያገናኘው የአየር ፖስታ አገልግሎት ነበር። እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1926 የተጀመረው ይህ መስመር በመካከል የሚገኙትን ማረፊያዎች ጨምሮ 450 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሸፍናል። ሥራው የቀጠሮ ሥራ ነበር። ፖስታው በተመደበለት ሰዓት መድረስ ነበረበት፤ የአየሩ ጠባይ ግን ቀጠሮ አያውቅም። መስመሩ በቂ የመብራት ምልክት አልነበረውም፤ ሬድዮም አልነበረም። ሊንድበርግ በዚህ ሥራ ላይ ሳለ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ በሌሊት ጭጋግ ማረፊያ በማጣቱና ነዳጁ በማለቁ በፓራሹት ዘሎ ሕይወቱን አትርፏል። በአንደኛው ጊዜ የአውሮፕላኑ የነዳጅ ታንክ ለጥገና ወርዶ በአነስተኛ ታንክ መተካቱ ሳይነገረው ነበር የተነሳው። በአየር ላይ ሳለ ያለኝ ብሎ ያሰበው ነዳጅ ከነበረው ይበልጥ ነበር። ከዚህ በኋላ በሊንድበርግ ሥራ ውስጥ ሊትርና ኪሎ ሜትር በግምት አልተተዉም።

በዚያን ጊዜ የአብራሪዎችን ቀልብ የሳበው ትልቁ ጉዳይ የኦርቴግ ሽልማት ነበር። በፈረንሳይ ተወልደው በኒውዮርክ የሆቴል ባለቤት የሆኑት ሬይመንድ ኦርቴግ፣ ከኒውዮርክ ፓሪስ ወይም ከፓሪስ ኒውዮርክ ሳያርፍ ለሚበር የመጀመሪያ ሰው 25 ሺህ ዶላር እንደሚሰጡ ያስታወቁት እ.ኤ.አ. በ1919 ነው። በዚያው ዓመት ሁለት እንግሊዛውያን፣ ጆን አልኮክና አርተር ብራውን፣ ከኒውፋውንድላንድ ተነስተው አየርላንድ በማረፍ አትላንቲክን ሳያቋርጡ በመብረር የመጀመሪያዎቹ ሆነዋል። የእነርሱ መስመር ግን ውቅያኖሱ በጠበበበት በኩል ያለፈ ሲሆን፤ ርቀቱም የኒውዮርክና የፓሪስን ግማሽ ያህል ብቻ ነበር።

ሁለቱን ታላላቅ ከተሞች ለማገናኘት የተደረገው ሙከራ ብዙ ሕይወት ጠይቋል። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1926 ታዋቂው ፈረንሳዊ የጦር አብራሪ ሬኔ ፎንክ ይዞት የተነሳው ባለሦስት ሞተር አውሮፕላን ከመጠን በላይ በመጫኑ ከመሬት ሳይለቅ ተከስክሶ ሁለት የበረራ ባልደረቦች ሞቱ። በኤፕሪል 1927 ኖኤል ዴቪስና ስታንተን ዉስተር የተባሉ አሜሪካውያን በሙከራ በረራ ላይ ሕይወታቸው አለፈ። በሜይ 8 ቀን 1927 ደግሞ ከፓሪስ ወደ ኒውዮርክ የተነሱት ፈረንሳውያኑ ሻርል ኑንጄሰርና ፍራንስዋ ኮሊ እንደወጡ ቀሩ። በስምንት ወራት ውስጥ ስድስት ሰዎች በዚህ መስመር ምክንያት ሞተዋል።

ሊንድበርግ ከእነዚህ አደጋዎች የተረዳው ነገር ቢኖር ችግሩ የድፍረት ማነስ ሳይሆን የክብደት መብዛት መሆኑን ነው። ሌሎቹ ተወዳዳሪዎች ብዙ ሞተርና ብዙ ሠራተኛ ያለው አውሮፕላን ሲመርጡ፣ እርሱ አንድ ሞተርና አንድ አብራሪ ብቻ እንዲሆን ወሰነ። በእርሱ ስሌት አውሮፕላኑ በነዳጅ በተሞላበት ሰዓት ከሦስት ሞተሮች አንዱ ቢቆም ቀሪዎቹ ሁለቱ ሊያድኑት ስለማይችሉ፣ ሞተር መጨመር የብልሽትን ዕድል ከማብዛት አልፎ ዋስትና አይሆንም። በሁለተኛ አብራሪ ክብደት ምትክም ተጨማሪ ነዳጅ መጫን ይቻላል።

ይህን ሐሳብ ይዞ የሴንት ሉዊስ ነጋዴዎችን በማሳመን የ15 ሺህ ዶላር በጀት አገኘ። ካሊፎርኒያ ሳንዲያጎ የነበረው ሪያን የተባለ አነስተኛ የአውሮፕላን ፋብሪካ ሥራውን ተረክቦ፣ ሞተሩን ጨምሮ በ10 ሺህ 580 ዶላር አውሮፕላኑን በሁለት ወር ጊዜ ውስጥ ሠርቶ አጠናቀቀ። ለገንዘብ ሰጪዎቹ ከተማ ክብር ሲባልም ስፒሪት ኦቭ ሴንት ሉዊስ ተባለ።

የንድፍ ሥራው የተጀመረው ከመሠረታዊው ጥያቄ ነው፤ ይኸውም በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለው ርቀት በትክክል ስንት ነው የሚለው ነበር። ሊንድበርግና የፋብሪካው መሐንዲስ ዶናልድ ሆል ለዚህ ጥያቄ መልስ ለማግኘት የሄዱት ወደ ሳንዲያጎ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ነው። እዚያም በሉል ላይ ከኒውዮርክ እስከ ፓሪስ ክር ወጥረው ለኩ። ያገኙት ውጤት 3 ሺህ 600 ማይል፣ ማለትም 5 ሺህ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። አውሮፕላኑ የሚይዘው ነዳጅ፣ የክንፉ ስፋትና የጠቅላላው ክብደት መጠን ሁሉ የተሰላው ከዚያ በተነሳ ቁጥር ነው።

ክሩ ሌላም ነገር አሳይቷል። በጠፍጣፋ ካርታ ላይ ሲታይ ከኒውዮርክ ወደ ፓሪስ የሚወስደው አጭር መንገድ ቀጥ ያለ መስመር ይመስላል። ምድር ድቡልቡል በመሆኗ ግን እውነተኛው አጭር መንገድ ወደ ሰሜን ቀስት ሠርቶ በኖቫ ስኮሺያና በኒውፋውንድላንድ በኩል ያልፍና ወደ አየርላንድ ይወርዳል። በዚህ ቅስት ላይ የሚበር አውሮፕላን አቅጣጫውን በየጊዜው ማስተካከል ይኖርበታል። በመሆኑም ሊንድበርግ መንገዱን በካርታ ላይ በመቶ መቶ ማይል፣ ማለትም በየ160 ኪሎ ሜትሩ ከፋፈለው። እያንዳንዱ ክፍል የአንድ ሰዓት በረራ ሲሆን፤ በየሰዓቱ ኮምፓሱ ምን ማሳየት እንዳለበት አስቀድሞ ጻፈ። ቀጣዩ ሥራ በአየር ላይ ሆኖ የተጻፈውን መፈጸም ብቻ ነበር።

አውሮፕላኑ 1 ሺህ 700 ሊትር ነዳጅ እንዲይዝ ተደርጎ ተሠራ። ዋናው ታንክ ከአብራሪው ፊት በመቀመጡ ሊንድበርግ ፊት ለፊት የሚያይበት መስኮት አልነበረውም። ከፊቱ ያለውን የሚመለከተው በጎን መስኮቶችና በትንሽ የመስታወት መሣሪያ አማካይነት ነበር። ክብደት ለመቀነስ ሲባል ሬድዮ፣ ፓራሹትና በከዋክብት አቅጣጫ መለያ መሣሪያ ቀርተዋል። የካርታዎቹ የማያስፈልጉ ጠርዞች ሳይቀሩ ተቆርጠው ተጥለዋል። ለስንቅ የያዘው አምስት ሳንድዊችና ውሃ ነበር።

እ.ኤ.አ. ሜይ 20 ቀን 1927፣ በኒውዮርክ ሰዓት አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ52 ደቂቃ፣ ሊንድበርግ ከሩዝቬልት የአውሮፕላን ሜዳ ተነሳ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልተኛም ነበር። ዝናብ የዘነበበት ሜዳ ጭቃ የነበረ ሲሆን፤ ነፋሱም የሚያግዝ አልነበረም። ከ2 ሺህ 300 ኪሎ ግራም በላይ የሚመዝነው አውሮፕላን በጭንቅ ከመሬት ለቆ፣ በሜዳው ዳር ከነበረው የቴሌፎን ሽቦ በጥቂት ሜትሮች ከፍ ብሎ አለፈ።

በመጀመሪያዎቹ አሥራ አንድ ሰዓታት የባሕሩን ዳርቻ እየተከተለ ኒውፋውንድላንድ ደረሰ። በሴንት ጆንስ ከተማ ላይ ዝቅ ብሎ ካለፈ በኋላ የብስ ከኋላው ቀረ፤ ጨለማና ውቅያኖስም ተቀበሉት። በሌሊቱ በደመና ውስጥ ሲገባ ክንፉ ላይ በረዶ መጋገር በመጀመሩ ወደ ኋላ ተመልሶ ከደመናው ለመውጣት ተገደደ። ከሁሉ ይበልጥ የፈተነው ግን እንቅልፍ ነበር። አውሮፕላኑ በራሱ ቀጥ ብሎ የማይበር በመሆኑ እጁን ባላላ ቁጥር አቅጣጫውን ይስታል፤ ይህም እንዳይተኛ ረድቶታል።

በማግስቱ ከ27 ሰዓታት በረራ በኋላ ዓሣ አጥማጅ ጀልባዎችን አየ። ጥቂት ቆይቶም የአየርላንድን ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ፣ የዲንግል የባሕር ወሽመጥን ለይቶ አወቀ። በጭጋግ፣ በማዕበልና በሌሊት ውስጥ በኮምፓስና በሰዓት ብቻ ተመርቶ ውቅያኖሱን ሲያቋርጥ ካሰበው መስመር የሳተው በአምስት ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር። በቤተ መጻሕፍቱ ክር የተጀመረው ስሌት ትክክለኛነቱ የተረጋገጠው በዚህ ስፍራ ነው።

ሜይ 21 ቀን፣ በፓሪስ ሰዓት ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ22 ደቂቃ በሌቡርዤ የአውሮፕላን ማረፊያ አረፈ። የሁለቱ ከተሞች ሰዓት ሲነጻጸር በመነሻና በመድረሻ መካከል 38 ሰዓት ተኩል ያለ ይመስላል። የፓሪስ ሰዓት የኒውዮርክን በአምስት ሰዓት ይቀድም ስለነበር ትክክለኛው የበረራ ጊዜ 33 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ነው። አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 173 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፤ በታንኩ ውስጥ ከ300 ሊትር የሚበልጥ ነዳጅ ተርፎ ነበር። ሌሎች ዕድል የሚሉት በረራ ለብዙ መቶ ኪሎ ሜትር የሚበቃ መጠባበቂያ ይዞ የተጠናቀቀ ሥራ ነበር።

በሌቡርዤ ከመቶ ሺህ የማያንስ ሕዝብ ሜዳውን ጥሶ አውሮፕላኑን ከበበው። ሊንድበርግ በአንድ ሌሊት በዓለም ላይ እጅግ የታወቀ ሰው ሆነ። ወደ አገሩ የተመለሰው በአሜሪካ የባሕር ኃይል መርከብ ሲሆን፤ ጁን 4 ቀን ከፈረንሳይዋ ሸርቡር ወደብ ተነስቶ ዋሽንግተን የደረሰው ጁን 11 ቀን ነው። በ33 ሰዓት ተኩል የሄደበትን ውቅያኖስ ለመመለስ ሰባት ቀን ፈጅቶበታል።

በዚያው ዓመት ዲሴምበር ከዋሽንግተን ሜክሲኮ ሲቲ ያደረገው ያልተቋረጠ በረራ ርቀትና የበረራ ጊዜ ሁልጊዜ አብረው እንደማይሄዱ ያሳየ ነበር። መንገዱ 3 ሺህ 400 ኪሎ ሜትር ያህል በመሆኑ ከፓሪሱ በ2 ሺህ 400 ኪሎ ሜትር ያንሳል። ይሁንና 27 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ወስዷል። ሊንድበርግ በሜክሲኮ ላይ መንገድ በመሳቱ በባቡር ጣቢያዎች ላይ የተጻፉትን ስሞች ለማንበብ ዝቅ እያለ ሲባዝን ለሰዓታት ቆይቷል። በሜክሲኮ የአሜሪካ አምባሳደር የነበሩትን የድዋይት ሞሮውን ልጅ አን ሞሮውን ያገኛትም በዚሁ ጉዞ ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 ተጋቡ። አን የበረራና የሬድዮ ሙያ ተምራ እ.ኤ.አ. በ1931 ወደ ሩቅ ምሥራቅ፣ በ1933 ደግሞ በአትላንቲክ ዙሪያ ባደረጓቸው የጥናት በረራዎች የሥራ ባልደረባው ሆናለች። እነዚህ ጉዞዎች ለወደፊቱ የመንገደኞች መስመሮች የሚሆኑ ማረፊያዎችን ለማጥናት የተካሄዱ ነበሩ።

ከዝናው በኋላ ሊንድበርግ ካበረከታቸው ሥራዎች ብዙም የማይወሳው በአየር መንገዶች የቴክኒክ አማካሪነት የሠራው ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 እርሱ የቴክኒክ ኮሚቴውን የመራው ትራንስኮንቲኔንታል ኤር ትራንስፖርት የተባለ ድርጅት ኒውዮርክንና ሎስ አንጀለስን በ48 ሰዓት የሚያገናኝ አገልግሎት ጀመረ። መንገደኛው ቀን በአውሮፕላን፣ ሌሊት በባቡር ይጓዝ ነበር። የሌሊት በረራ ለመንገደኛ ገና አስተማማኝ አለመሆኑን የፖስታ አብራሪ የነበረው ሊንድበርግ ከማንም ይበልጥ ያውቀዋል።

ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በ1930 ከሌላ ኩባንያ ጋር ተዋህዶ በኋላ ቲ.ደብሊው.ኤ. በሚል ስም የታወቀው አየር መንገድ ሆነ። አየር መንገዱ በ1932 አዲስ አውሮፕላን ከዳግላስ ፋብሪካ ለማሠራት ሲነጋገር፣ ሊንድበርግ አንድ ጥብቅ ቅድመ ሁኔታ እንዲገባ አድርጓል። ይህም ባለሁለት ሞተሩ አውሮፕላን በመስመሩ ላይ ካሉ ማረፊያዎች፣ ከፍተኛ ቦታ ላይ የሚገኙትን ጨምሮ፣ ከየትኛውም ሲነሳ አንድ ሞተሩ ቢቆም በቀሪው መነሳት እንዲችል የሚጠይቅ ነበር። ለራሱ አንድ ሞተር የበቃው ሰው ለመንገደኛው ደኅንነት ግን ሌላ መለኪያ ነበረው። ይህን ፈተና ያለፈው ዲሲ-1 የዲሲ-2፣ ቀጥሎም የታዋቂው ዲሲ-3 መነሻ ሆነ። የዲሲ-3 ወታደራዊ ዓይነት ሲ-47 ይባላል።

ይህ ታሪክ ከኢትዮጵያ አቪዬሽን ጋር የሚገናኘው በዚህ ነጥብ ላይ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 1945 ሲመሠረት የሥራ አመራርና የቴክኒክ ድጋፍ የሰጠው ይኸው ቲ.ደብሊው.ኤ. ነበር። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያው በረራ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአስመራ በኩል ካይሮ የደረሰውም በሲ-47 አውሮፕላን ነው። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ስለሚሳሳ የሞተርም የክንፍም ጉልበት ይቀንሳል። ከባሕር ወለል በላይ ከ2 ሺህ 300 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ለምትገኘው አዲስ አበባ፣ ከፍተኛ ማረፊያዎችን ታሳቢ ባደረገ ቅድመ ሁኔታ ከተጀመረ የአውሮፕላን ዘር የተገኘው ሲ-47 ተስማሚ እንደነበር አያጠራጥርም።

የሊንድበርግ ዝና የከፋ ገጽም ነበረው። እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 1932 ሌሊት የ20 ወር ዕድሜ የነበረው የመጀመሪያ ልጁ በኒው ጀርሲ ከሚገኘው ቤቱ ታፍኖ ተወሰደ። 50 ሺህ ዶላር ቢከፈልም ልጁ አልተመለሰም። ሜይ 12 ቀን አስከሬኑ ከቤቱ ብዙም ሳይርቅ ተገኘ። በወንጀሉ የተፈረደበት ግለሰብ በ1936 በሞት ተቀጥቷል። ጉዳዩ የአሜሪካ ኮንግረስ በ1932 የጠለፋ ወንጀልን በፌዴራል ደረጃ የሚያስቀጣ ሕግ እንዲያወጣ ምክንያት ሆኗል። ሕዝቡና ጋዜጦቹ ፋታ የነሱት ቤተሰብ በ1935 መጨረሻ አገሩን ለቆ ወደ እንግሊዝ ተሻገረ።

በአውሮፓ ቆይታው ሊንድበርግ ጀርመንን በተደጋጋሚ ጎብኝቶ በአየር ኃይሏ ግንባታ እጅግ ተደነቀ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1938 በርሊን ውስጥ ከናዚ መንግሥት ከፍተኛ ባለሥልጣን ከኸርማን ጎሪንግ እጅ ኒሻን ተቀበለ። ከሳምንታት በኋላ በጀርመን አይሁዳውያን ላይ የተቀነባበረ ጥቃት ቢፈጸምም ኒሻኑን ለመመለስ ፈቃደኛ አልሆነም።

በ1939 ወደ አሜሪካ ከተመለሰ በኋላ አገሩ በአውሮፓው ጦርነት እንዳትገባ የሚቀሰቅስ ዋና ተናጋሪ ሆነ። ከመከራከሪያዎቹ አንዱ ሁለቱ ውቅያኖሶች ለአሜሪካ የተፈጥሮ ግንብ ናቸው፤ ዘመናዊ አውሮፕላን እንኳ ይህን ግንብ በቀላሉ አይሻገርም የሚል ነበር። ይህን የሚናገረው ግንቡን በአንድ ሞተር የተሻገረው ሰው መሆኑ የታሪክ ምፀት ነው። በዚያው በ1939 ፓን አሜሪካን አየር መንገድ በአትላንቲክ ላይ መደበኛ የመንገደኞች በረራ ጀምሮ ነበር። ሊንድበርግ የቀን ከቀን የቴክኒክ እድገቱን እያወቀ፣ ርቀቱን በኪሎ ሜትር ብቻ ቆጠረው። ርቀቱ በሰዓት ሲለካ ምን ያህል እንዳጠረ ለዓለም ያሳየው ግን ራሱ ነበር።

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 1941 በአዮዋ ግዛት ዲ ሞይን ከተማ ባደረገው ንግግር እንግሊዞችን፣ አይሁዳውያንንና የፕሬዚዳንት ሩዝቬልትን አስተዳደር አሜሪካን ወደ ጦርነት የሚገፉ ወገኖች ሲል ወነጀለ። ንግግሩ በጸረ አይሁድነቱ ከየአቅጣጫው ብርቱ ውግዘት አስከተለበት። ዝናው ከዚያ ወዲህ እንደቀድሞው አልሆነም። ከሦስት ወር በኋላ፣ ዲሴምበር 7 ቀን፣ ሰላማዊ ውቅያኖስን ካቋረጡ የጃፓን መርከቦች ላይ የተነሱ አውሮፕላኖች ፐርል ሐርበርን ደበደቡ። ግንብ የተባለው ውቅያኖስ መንገድ ሆኖ ተገኘ።

የመኮንንነት ማዕረጉን በዚያው ዓመት በፈቃዱ ለቆ ስለነበር ወደ ሠራዊቱ ለመመለስ ያቀረበው ጥያቄ ተቀባይነት አላገኘም። ቢሆንም በአውሮፕላን ፋብሪካዎች አማካሪነት አገሩን አገለገለ። እ.ኤ.አ. በ1944 በሲቪልነቱ ወደ ሰላማዊ ውቅያኖስ የጦር ግንባር ሄዶ 50 ያህል የውጊያ በረራዎችን አድርጓል። እዚያም የፒ-38 ተዋጊ አውሮፕላን አብራሪዎች የሞተሩን ዙርና ግፊት አመጣጥነው ነዳጅ እንዲቆጥቡ በማስተማር፣ አውሮፕላኑ በዚያው ነዳጅ በመቶዎች በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ርቆ እንዲሄድ አስችሏል። የፓሪሱ በረራ ትምህርት በጦርነቱ ሥራ ላይ የዋለው በዚህ መልክ ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ለአሜሪካ አየር ኃይልና ለፓን አሜሪካን አማካሪ ሆኖ ሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ1954 በመጠባበቂያ ኃይል የብርጋዴር ጄኔራልነት ማዕረግ የተሰጠው ሲሆን፤ ስለ በረራው የጻፈው መጽሐፍ በዚያው ዓመት የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል። በ1968 ወደ ጨረቃ ለመጓዝ የተዘጋጁትን የአፖሎ 8 ጠፈርተኞች በጎበኘበት ጊዜ፣ ሮኬታቸው በመጀመሪያዋ ሰኮንድ የሚያቃጥለው ነዳጅ እርሱ ፓሪስ ለመድረስ ከተጠቀመበት አሥር እጥፍ እንደሚሆን አስልቶ ነግሯቸዋል።

በመጨረሻዎቹ ዓመታቱ የዱር እንስሳትንና የደን ሀብትን ለመጠበቅ በሚደረገው ጥረት ተሰማርቶ በእስያና በአፍሪካ ተዘዋውሯል። ከድምፅ የሚፈጥኑ የመንገደኞች አውሮፕላኖች በአካባቢ ላይ ጉዳት ያደርሳሉ በማለትም ተቃውሟል። ከእርሱ ሞት በኋላ ኮንኮርድ እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 2003 ፓሪስንና ኒውዮርክን በሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ አገናኝቷል። ይሁን እንጂ አገልግሎቱ ሲቋረጥ የሁለቱ ከተሞች የበረራ ጊዜ ወደ ሰባትና ስምንት ሰዓት ተመልሷል። በእነዚህ ከተሞች መካከል ጊዜ የሚያጥረው ፍጥነት በመቻሉ ብቻ ሳይሆን፣ ወጪውና ጉዳቱ ሲመዛዘን የሚያዋጣ ሆኖ ሲገኝ መሆኑን ታሪኩ አሳይቷል።

ሊንድበርግ በካንሰር ታሞ ኒውዮርክ ሆስፒታል ሳለ ሐኪሞቹ ተስፋ እንደሌለው ሲነግሩት በሃዋይ መሞትን መረጠ። በቃሬዛ ሆኖ በመንገደኞች አውሮፕላን የተጓዘበት ይህ የመጨረሻ መንገድ እ.ኤ.አ. በ1927 ካቋረጠው ርቀት የሚበልጥ ነበር። ኦገስት 26 ቀን 1974 በማዊ ደሴት በ72 ዓመቱ አርፎ እዚያው ተቀበረ። አውሮፕላኑ ስፒሪት ኦቭ ሴንት ሉዊስ ከ1928 ጀምሮ በዋሽንግተን የስሚዝሶኒያን ተቋም ንብረት ሆኖ በቅርስነት ተጠብቋል።

የኒውዮርክና የፓሪስ ርቀት ያን ጊዜም ዛሬም 5 ሺህ 800 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሊንድበርግ ይህን ርቀት ያሸነፈው ከመነሳቱ በፊት ለክቶ፣ ከፋፍሎ፣ የማያስፈልገውን ቀንሶና መጠባበቂያ ይዞ ነው። የተሳሳተው ደግሞ ርቀቱ ባጠረበት ዓለም ውስጥ የሩቅ አገር እሳት ሩቅ ሆኖ እንደሚቀር ባሰበ ጊዜ ነው። ሥራን አስቀድሞ በቁጥር ማቀድና የሥራው ውጤት ለሌሎች የሚያስከትለውን ማመዛዘን ሁለት የተለያዩ ችሎታዎች መሆናቸውን፣ አንዱም ሌላውን እንደማይተካ የሕይወት ታሪኩ ያስተምራል።